ሦስት አረንጓዴ ለአንድ ማድቤት፦ ከደሴ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሰኞ። ልኬትና ምርመራ

ማድቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ውስጡ 3 ሜትር በ2.6 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.5 ሜትር። ሦስቱ ግድግዳዎች የጭቃ ናቸው፤ በባህር ዛፍ ማገር ላይ በጭድ የተቦካ ምርጊት። አራተኛው፣ በደቡብ በኩል የዕቃ ማጠቢያው ያለበት፣ ቆይቶ በብሎኬት የተተካና በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። አሁን እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ወጡ በከሰል ምድጃ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ዘመን እንጨት ሲነድበት ኖሯል። በምሥራቅ በኩል 0.9 በ2 ሜትር በር አለ። በደቡብ ያለው መስኮት 1 በ1 ሜትር ሲሆን ከወለል 1.2 ሜትር ላይ ይጀምራል።

የእመቤቲቱ ፍላጎት አጭር ነው፦ አረንጓዴ ይሁን፣ አይጨልም፣ ሲቆሽሽ ይወልወል። መጀመሪያ የታሰበው አራቱንም ግድግዳ በአንድ የዘይት ቀለም ማልበስ ነበር። ይህን አልተቀበልነውም። የጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከእንፋሎትም እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። የዘይት ቀለም ይህን መተንፈሻ ይደፍነዋል። እርጥበቱ ከቀለሙ ጀርባ ተጠራቅሞ የጭቃውን ገጽ ያላላዋል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙ አፈር ይዞ በልጣጭ ይወርዳል። ሲሚንቶ መለሰንም መፍትሔ አይደለም። ሲሚንቶው ድርቅ ያለ ነው፣ ጭቃው ደግሞ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ልስኑ ከበሮ ሆኖ ይቀራል። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የአረንጓዴው ምርጫ የሚጀምረው ከካታሎግ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። ጭቃው ኖራ ይቀባል። ብሎኬቱ ከታች 1.2 ሜትር ጠቆር ያለ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ የፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። መደርደሪያውና የቁም ሳጥኑ በሮች ከታችኛው የብሎኬት ክፍል ጋር አንድ ቀለም ይሆናሉ።

ስፋቱ እንዲህ ይወጣል። ሰሜን 3 × 2.5 = 7.5 ካሬ፤ ምዕራብ 2.6 × 2.5 = 6.5 ካሬ፤ ምሥራቅ 6.5 ሲሆን የበሩ 1.8 ሲቀነስ 4.7 ካሬ። የጭቃው ድምር 18.7 ካሬ ሜትር ነው። በደቡብ ለዘይት ቀለም 3.6 ካሬ፣ ለፕላስቲክ ደግሞ መስኮቱ ተቀንሶ 2.9 ካሬ። ኮርኒሱ 7.8 ካሬ።

ከመሄዳችን በፊት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ በደቡቡ ግድግዳ ላይ፣ ከማጠቢያው ጎን፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገን ለጠፍን። እስከ ነገ በዚሁ ሰዓት ይቆያል።

ማክሰኞ። ጥቀርሻና ሻጋታ

ላስቲኩ ሲነሣ ከግድግዳው በኩል ያለው ገጹ ጤዛ ይዞ ተገኘ። ይህ ማለት ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። ጤዛው በላስቲኩ ውጫዊ ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የክፍሉ እንፋሎት ብቻ ይሆን ነበር። ማጠቢያው ሥር ሲታይ የፍሳሽ ቱቦው መጋጠሚያ ይንጠባጠባል። ቧንቧ ሠራተኛ ጎማውን ቀየረው። ይህ ግድግዳ እስኪደርቅ ድረስ የዘይት ቀለም አይነካውም፤ ስለዚህ ወደ መጨረሻ ተገፋ።

ከጭቃው ግድግዳ ላይ ጥቀርሻውን በደረቅ መጥረጊያ፣ ከላይ ወደ ታች አወረድነው። አፍና አፍንጫ መሸፈን ግዴታ ነው። በጭቃ ላይ ውሃ መድፋት አይገባም፤ ጥላሸቱ ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ድሮ ምድጃው የነበረበት የሰሜን ምዕራብ ጥግ ብቻውን የሚታይ ነው። እዚያ ያለው ቡኒ ነገር አቧራ አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ የገባ የጭስ ቅባት ነው። ምንም ያህል ቢቀባበት በውሃ የሚሟሟው ክፍል ከአዲሱ ቀለም ጋር ተጎትቶ ይወጣና በፈዛዛ አረንጓዴ ላይ የሻይ ፍሳሽ የመሰለ እድፍ ይሠራል። በሌላ ገጽ ላይ ቢሆን በዘይት አስታር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ) ይታፈን ነበር፤ ጭቃ ላይ ግን መተንፈሻውን ስለሚዘጋ አይሆንም። ያለው መንገድ መቅረፍ ነው። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ንጹሕ የአፈር መልክ እስኪታይ ድረስ በስፓቱላ ተፋቀ።

የኮርኒሱ ቺፑድ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄት ተበጥብጦ፣ በተጨመቀ ስፖንጅ ታጠበ። ቺፑድ ውሃ ከጠገበ ያብጣል፣ አብጦም አይመለስም፤ ስፖንጁ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም።

በማጠቢያው ጥግ ጥቁር ሻጋታ አለ። 1 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጽዳት። በር ይከፈታል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አንድ ላይ መጠቀም መርዛም ጋዝ ያስነሣል፤ ሁለቱ በአንድ ባልዲ መገናኘት የለባቸውም።

ረቡዕ። ምርጊት ጥገና

ለጥገናው የተጠቀምነው ቀይ አፈር በወንፊት የተነፋ ነው። ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ እርሻው ይሰነጠቃል። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የተከተፈ የጤፍ ጭድ። ቡኮው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበር ጭዱ ለስልሷል፤ በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የሚለጠፍ ጭቃ ጭዱን አይዝም፣ ይረግፋል።

የተፋቀው ቦታ በብሩሽ ውሃ ይረጫል፣ እርጥብ እስኪመስል እንጂ እስኪፈስ አይደለም። ጭቃው በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይለጠፍም። መጨረሻ ላይ የተነፋ አፈርና እበት ቀጥኖ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በእጅ መዳፍ ይለቀለቃል። በወሎ ገጠር የቤት ልስን ብዙውን ጊዜ የሴቶች እጅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ልቅለቃ ከብረት ማንኪያ ይልቅ መዳፍ የሚመረጠውም ገጹ በጣም ሳይለሰልስ ኖራው የሚይዘው ጥርስ ስለሚተውለት ነው። ስቱኮም ጀሶም ጭቃ ላይ አልገባም። ጀሶ እርጥበት ባለበት ይላላል፣ ማድቤት ውስጥ ደግሞ እርጥበት ቀርቶ አያውቅም።

ጥገናው ለመድረቅ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ለማፋጠን ከሰል አንድዶ በር መዝጋት አደገኛ ነው፤ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ሥራውም ይበላሻል፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሐሙስ። የቀለም ሰሌዳና ብርሃን

ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ አረንጓዴውን መምረጥ። ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ደቂቃ በሱቅ መደርደሪያ ፊት የሚያልቅ።

40 በ40 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ የቺፑድ ሰሌዳዎች ላይ አምስት ዓይነት አረንጓዴ፣ እያንዳንዱ ሁለት እጅ ተቀባ። ሰሌዳዎቹ በየግድግዳው እየቆሙ በጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በቀኑ 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት በርቶ ታዩ። ትንሽ የካታሎግ ናሙና አይበቃም፤ በነጭ ወረቀት ስለተከበበ ከእውነቱ የጠቆረ መስሎ ይታያል።

የደሴ ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ናት፤ ጉሙ ይበዛል፣ ተራራው በምዕራብ ስለሚጋርድም የከሰዓት ፀሐይ ቶሎ ትሄዳለች። በእንዲህ ያለ ግራጫ ብርሃን ሰማያዊ ያለበት አረንጓዴ፣ ማለት የሚንት ከረሜላ ዓይነቱ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ይመስላል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳ ኮምቦልቻ ላይ ያው ቀለም ያምራል፤ እዚያ ሞቃትና ደማቅ ፀሐይ አለ፣ ቀዝቃዛ አረንጓዴ ያሳርፋል። ደሴ ላይ ግን ቢጫ የጠጣ አረንጓዴ ይሻላል፤ የለጋ ገብስ፣ የጤና አዳም፣ የወይራ ቅጠል መልክ።

የመብራቱ ነገር ከዚህ አያንስም። በቤቱ ያለው አምፖል ነጩ ኤልኢዲ፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ) ነው። በእሱ ሥር ሁሉም ሰሌዳ ወደ ሰማያዊ አጋደለ። 3000 ኬልቪን ቢጫው ሲገባ የወይራው ሰሌዳ ቡኒ ሆነ። 4000 ኬልቪን ላይ በኋላ የተመረጡት ሦስቱም እንደ ቀኑ ቆሙ። ከቀለም ለውጥ በፊት የአምፖል ለውጥ ይቀድማል፤ ዋጋውም ያንሳል።

ሦስተኛው የሚታየው ምግቡ ነው። አረንጓዴ ከቀይ ጋር ሲቀመጥ ቀዩን ያጎላዋል፤ በርበሬ፣ የሸክላ ድስት፣ ቀይ ወጥ በወይራ አረንጓዴ ፊት ደምቀው ይታያሉ። አረንጓዴ ኮርኒስ ግን ብርሃኑን አረንጓዴ አድርጎ ወደ ታች ይጥለዋል፣ እንጀራውም የሰው ፊትም የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ኮርኒሱ ነጭ ይሆናል፣ ጠብታ አረንጓዴ ብቻ የገባበት።

የተመረጡት እነዚህ ናቸው፦ ለላይኛው ግድግዳ የለጋ ገብስ ፈዛዛ፤ በጭቃው ግድግዳ ከታች 0.9 ሜትር የጤና አዳም፣ ግራጫ የሸተተ መካከለኛ፤ ለብሎኬቱ ታችና ለእንጨቱ ጠቆር ያለ የወይራ። ጨለማው አረንጓዴ መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ላይ መዋሉ ታስቦበት ነው። ያ ግድግዳ ብርሃን ከጀርባው ስለሚመጣ ምንም ቢቀባ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፈዛዛ ቢሆንም አያበራም። ብርሃኑን የሚቀበለው ፊት ለፊቱ ያለው ሰሜኑ ነው፤ እሱ ነው መፍካት ያለበት።

ዓርብ። ግዢና የኖራ ሙከራ

የተገዛው፦ 4 ኪሎ የታሸገ ውሃ የጠጣ ኖራ፤ ለሲሚንቶ ንጣፍ የሚውል አረንጓዴ ዱቄት 300 ግራም፣ ቢጫ 100 ግራም፣ ጥቁር 50 ግራም፤ 1 ጋሎን ነጭ የፕላስቲክ ቀለም፤ በቱቦ የሚሸጥ ማቅለሚያ አረንጓዴ፣ ኦከር፣ ጥቁር፣ ቀይ፤ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ባለ 1 ሊትር ሁለት ቆርቆሮ፣ ግማሽ አንጸባራቂ፤ 1 ሊትር ነጭ የዘይት አስታር፤ 1 ሊትር አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ)፤ 120ና 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፤ ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ለማቅለሚያው መለኪያ።

ጠቆር ያለውን አረንጓዴ ከነጭ ቀለም ማቅለሚያ እያበዙ መሥራት አይቻልም። ማቅለሚያው ከቀለሙ 4 እና 5 በመቶ ካለፈ ቀለሙ በትክክል አይደርቅም፣ በእጅ ሲነካም ይለቃል። ጨለማ ቀለም ተዘጋጅቶ ይገዛል።

የአረንጓዴ ዱቄቱ ኖራ ይችል እንደሆነ ሳይፈተን አይገባም። ኖራ ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። ክሮሚየም ኦክሳይድ የተባለው አረንጓዴ አይነካም፤ ከፕራሺያ ሰማያዊና ከቢጫ የተደባለቀ አረንጓዴ ግን ሰማያዊው በኖራ ውስጥ ይበላሽና ወደ ቡኒ ይሄዳል። ማሸጊያው ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ ቁንጥር ዱቄት በአንድ ማንኪያ የኖራ ቡኮ አሽቶ፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ሁለት ቀን ማቆየት። እሑድ ሲከፈት መልኩን አልለወጠም።

ኖራው በዚሁ ዓርብ ዕለት ተነከረ። ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደፋም። 2.6 ኪሎ በአንድ ባልዲ ለላይኛው፣ 1.4 ኪሎ በሌላ ባልዲ ለታችኛው። ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ሳይደረግ አይነካም። ከገባም ወዲያው ብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ቅዳሜ። የቁም ሳጥኑ በሮች

በሮቹ አሮጌ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለብሰዋል፣ ዕድሜው አይታወቅም። አሮጌ ቢጫና አረንጓዴ የዘይት ቀለሞች ብዙ ጊዜ የእርሳስ ክሮሜት፣ መርዛም የእርሳስ ውህድ፣ አለባቸው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይያዛል። አረንጓዴ የቆየ የመርዝ ታሪክ አለው፤ ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት በ1775 እ.ኤ.አ. የሠራው ዝነኛ አረንጓዴ የመዳብና የአርሰኒክ ውህድ ነበር፣ እርጥብ ግድግዳ ላይም ሻጋታ ሲበላው የአርሰኒክ ጋዝ ያወጣ ነበር።

ስለዚህ አቧራው እንዳይነሣ በደረቁ አይፋቅም። በሮቹ ወደ ደጅ ወጥተው፣ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ገጹ በውሃ እየረጠበ በ120 ቁጥር ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ታሹ። እስከ እንጨቱ መውረድ አያስፈልግም፤ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይበቃል። ዝቃጩ በጨርቅ ተለቅሞ ከላስቲኩ ጋር ታስሮ ተጣለ። ልጆች ከአካባቢው ራቁ።

ሁለተኛ ሳምንት። ኖራው

ጥገናው ደርቋል። አንዱ መለያ መልኩ ነው፣ ከዙሪያው ጋር እኩል ነጣ፤ ሌላው የእጅ ጀርባ ሲያርፍበት አለመቀዝቀዙ።

በጭቃው ላይ 0.9 ሜትር መስመር ለመጣል ከወለሉ መለካት አይሠራም፤ ሊሾው ወደ በሩ ያዘነብላል። ግልጽ ቱቦ ውሃ ተሞልቶ በየጥጉ ልኩ ተወሰደ፣ በነጥቦቹ መካከል ጠመኔ የተቀባ ገመድ ተወጥሮ ተመታ።

ቅልቅሉ፦ ለላይኛው 2.6 ኪሎ ኖራ፣ ከተነከረበት ጋር በጠቅላላ 9 ሊትር ውሃ፣ 1 ሊትር ቅቤው የወጣለት ወተት፣ 100 ግራም አረንጓዴ፣ 40 ግራም ቢጫ። ለታችኛው 1.4 ኪሎ ኖራ፣ 5 ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ 110 ግራም አረንጓዴ፣ 15 ግራም ቢጫ፣ 10 ግራም ጥቁር። ዱቄቱ ከኖራው ደረቅ ክብደት 10 በመቶ ካለፈ ኖራው ሊይዘው አይችልም፤ ልብስ ይነካል። ወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከኖራው ጋር ተጣምሮ ማጣበቂያ ይሆናል፣ የመርገፍ ነገርን ይቀንሳል። ሽታው ኖራው ሲደርቅ ይጠፋል።

ዱቄቱ በቀጥታ ባልዲው ውስጥ አይጣልም። መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ ተለውሶ ሌሊቱን ያድራል፣ በነጋታው በአሮጌ ነጠላ ተጠልሎ ይገባል። ያልተለወሰ ዱቄት በብሩሹ ሥር ፈንድቶ ግድግዳው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ጭረት ይተዋል፣ ያ ጭረት ደግሞ በሚቀጥለው እጅ አይሸፈንም።

አቀባቡ፦ ግድግዳው በውሃ ይረጠባል። ኖራው እንደ ወተት ቀጭን ይሆናል። በሰፊ ብሩሽ በሁሉም አቅጣጫ እየተሻገረ ይቀባል፤ ሩሎ ጭቃውን ይነቅላል። በቀን አንድ እጅ ብቻ፣ በጠቅላላ አራት እጅ። ባልዲው በየጥቂት ደቂቃው ከሥሩ ይማሰላል፣ ምክንያቱም አረንጓዴው ከባድ ነው፣ ይዘቅጣል። ያልተማሰለ ባልዲ ግድግዳውን ከፈዛዛ ጀምሮ በጠቆረ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያው እጅ ሲቀባ ምንም አይታይም፤ ርጥብ ጭቃ ይመስላል። እመቤቲቱ ገብተው አይተው ዝም አሉ፣ ቆየት ብለው «አብሽሩ፣ ነገ ይወጣል» አሉ። ልክ ናቸው። ኖራ ርጥብ ሳለ ከሥሩ ያለውን ያሳያል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ርጥብ ሳለ በጣም ጠቁሯል ብሎ ነጭ መጨመር፣ ወይም በሁለተኛው እጅ ፈዟል ብሎ ዱቄት መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው። መልኩ የሚፈረደው ከሦስተኛው እጅ በኋላ፣ ደርቆ ካደረ ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት። በጥቅምት የደሴ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በመሸ የተቀባ ኖራ ሳይጠነክር ብርዱ ያገኘውና እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሙቀት ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ብቻ ሳይሆን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ መልሶ ድንጋይ በመሆን ነው፣ ለዚህም ጥቂት እርጥበት ያሻዋል። በምጣዱ በኩል ያለው ቶሎ የሚደርቀው ክፍል ጠዋት በጠዋት ውሃ በስሱ ተረጨበት።

በሁለቱ አረንጓዴዎች መጋጠሚያ ላይ ፕላስተር አልተለጠፈም፤ ሲነሣ ኖራውን ይዞ ይመጣል። ላይኛው መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል መስመሩን አልፎ ይወርዳል፣ ታችኛው በኋላ ረጅም እንጨት ተደግፎ በጠባብ ብሩሽ እስከ መስመሩ ይመጣል። መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይህ ያምራል፣ ምላጭ የመሰለ መስመር ግን የግድግዳውን ጉብታ ሁሉ ያጋልጣል።

ሦስተኛ ሳምንት። ኮርኒስ፣ ብሎኬትና እንጨት

ኮርኒሱ ቢታጠብም ቡኒው ቀርቷል። አንድ እጅ ነጭ የዘይት አስታር፣ 24 ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ ፕላስቲክ፤ በ1 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ማቅለሚያ ገብቶበታል። አስታሩ ባይኖር የጭሱ ቅባት በውሃማው ቀለም ውስጥ ተነሥቶ በማግሥቱ ይታይ ነበር።

የደቡቡ ግድግዳ በላስቲክ ሲፈተን ደረቅ ወጣ። በልስኑ ላይ የወጣው ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ተጠረገ፤ በውሃ ቢታጠብ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ልስኑ የቆየ ስለሆነ ያስተማምናል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን፣ በደሴ ክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ መቆየት አለበት፤ አለዚያ አልካሊው የዘይቱን ቀለም ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና ገጹ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል።

ከላይ ያለው 2.9 ካሬ ከጭቃው ፈዛዛ ጋር እንዲገጥም የተቀላቀለው፦ በ1 ሊትር ነጭ ፕላስቲክ 5 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ፣ 7 ሚሊ ሊትር ኦከር፣ 1 ሚሊ ሊትር ጥቁር። አሁንም ሚንት ሚንት ስላለ 3 ጠብታ ቀይ ተጨመረ፤ ቀይ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ ጩኸቱን ያበርደዋል፣ ጥቁር ብቻውን ግን ያቆሽሸዋል። የማቅለሚያ ጉልበት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ይህ መነሻ ልክ ነው። ማመሳሰሉ የሚደረገው ደርቆ ነው። ኖራ ሲደርቅ ይነጣል፣ ፕላስቲክ ሲደርቅ ጥቂት ይጠቁራል፤ በርጥቡ የተመሳሰሉ ሁለቱ ሲደርቁ ይለያያሉ። የሚፈለገው ሙሉ ሊትር በአንድ ጊዜ ይቀላቀላል። ሁለተኛ ዙር ተቀላቅሎ አንደኛውን በትክክል መምታት ዘበት ነው።

ከታች ያለው ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ስቱኮ ተደፈነ፣ በ220 ቁጥር ተለሰለሰ። ግማሽ አንጸባራቂ የተመረጠው ሙሉ አንጸባራቂው በጨለማ አረንጓዴ ላይ እያንዳንዷን እብጠት ስለሚያጎላ ነው፤ ድፍኑ (የማያንጸባርቀው) ደግሞ ዘይት ሲረጭበት እድፉን ይይዛል። የመጀመሪያው እጅ በ10 በመቶ አኳራጅ ቀጠነ፣ ሁለተኛው እንዳለ። በመካከሉ 24 ሰዓት። በሩና መስኮቱ ክፍት። ሥራው በ8 ሰዓት ቆመ፤ የዘይት ቀለም ገና ሳይደርቅ የማታው ጉም ከደረሰበት ገጹ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ንጣቱም በመወልወል አይለቅም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፦ ፈዛዛው ለምን በዘይት አይሆንም፣ ይወለወላል እኮ። የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ይበልጥ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በጠቆረ ወይራ ላይ አይታወቅም። በለጋ ገብስ ላይ ግን ከመደርደሪያ ጀርባ ያለው ክፍል ከጎኑ ጋር ይለያያል፣ ዕቃው ሲነሣ የዕቃው ቅርጽ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

በሮቹና መደርደሪያዎቹ ተኝተው ተቀቡ፣ ቆመው ሲቀቡ ጠርዛቸው ላይ ይንጠባጠባሉ። የቺፑዱ የተቆረጠ ጠርዝ ከፊቱ ይልቅ ይጠጣል፤ አስታሩ እዚያ ሁለት እጅ ነው። ጠርዙ ያልታሸገ ቺፑድ ከማጠቢያ አጠገብ አብጦ ቀለሙን ይሰነጥቃል።

ርክክብ

ምጣዱ ከግድግዳው 25 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ ተቀመጠ፤ አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ በሰሜኑ ኖራ ላይ ይወጣል፣ ኖራው ጠጥቶ ይመልሰዋል። የከሰል ምድጃው ከዘይት ቀለሙ ራቅ ብሎ ይሆናል፣ ሙቀት ዘይቱን ያጠይመዋልና። ቀይ ሸክላዎቹ በወይራው መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ። ነጭ ሲኒ ፈዛዛው ግድግዳ ላይ ይጠፋል፤ እሱም ወደ ጠቆረው ሄደ።

ለመወልወል፦ ወይራው በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። ሳይደርቅ የተተወ ውሃ በጨለማው ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ኖራው አይታጠብም። የቆሸሸ ቦታ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ካልለቀቀ ያ ቦታ ብቻ አንድ እጅ ይደገማል። ኮምጣጤና ሎሚ ኖራ ላይ አይደርሱም፣ አሲድ ይበላዋል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስቀል ወይም ዓረፋ ሲቃረብና ቤት ሲታደስ፣ የታችኛው የጤና አዳም ክፍል አንድ እጅ ይጨመርለታል፤ ላይኛው በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይበቃዋል። አንድ እጅ ለታችኛው 6.6 ካሬ የሚበቃው 350 ግራም ኖራ፣ 27 ግራም አረንጓዴ፣ 4 ግራም ቢጫና 2 ግራም ጥቁር ነው። ከግዢው የተረፈው ዱቄት በዚሁ ልክ ተመዝኖ በፌስታል ታስሮ፣ ልኩ በወረቀት ተጽፎበት፣ በቁም ሳጥኑ ላይኛው ክፍል ከዱቄት ዕቃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ አይበላሽም። ኖራው ግን በዓመቱ አዲስ ይገዛል፤ የተከፈተ ከረጢት ከአየሩ ጋር እየተገናኘ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ይደነዝዛል፣ ግድግዳም አይዝም።